ከማተቤ ጎን ያለው ክር

ሐምሌ 2

…ልጆች ሳለን እህቴ ማዶ አስቀምጣኝ ለእንስራው ስትመለስ ውሃው ከጉልበቷ አልፎ ነበር። መሀል ላይ ዞር ብላ አየችኝና አንድ ነገር ተናገረች፤ ወንዙ ስለሚጮህ

ልጅቷ ነቃች።

በኋላ። ጠባች። ወተቱ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ካሰመርኩት ስልሳ ሚሊ ሊትር ወደ አስር ወርዷል።

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሚልካ ናት። «መቼ እንደጠባች፣ ምን ያህል እንደጠባች ጻፊ» አለችኝ። «ሌላም ነገር ከመጣልሽ ጻፊ፤ የሚያየው የለም።» አስተማሪ ነኝና ደብተር አይቸግረኝም። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው። እህቴ ዘውድነሽ ሰኔ 10 ዳንግላ ወለደች። በማግስቱ ሞተች። ደም ነው አሉ። እኔ ከዋዜማው ደርሼ አጠገቧ መሆን ነበረብኝ፤ ቃል ገብቼላት ነበር። እኔ ካለሁበት ከእንጅባራ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር።

ልቅሶው ላይ ልጅቷን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሏት እኔ ዘንድ ደረሰች። ፊቷን ደረቴ ላይ እያሸች ስትፈልግ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጡቴን ሰጠኋት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ወልጄ አላውቅም። ባዶ ነበር። እሷ ግን ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያ ከኋላዬ አንዲት ሴት «የእህቷ ወተት ወደሷ ዞረ» አለች።

አልዞረም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው።

የዘውድነሽ አማት እማማ በቀለች ከልጃቸው፣ ከሕፃኗ አባት ከምንይችል ጋር ተመካክረው ወሰኑ። «ለጡጦማ እኛም ቤት ጡጦ አይጠፋም። ጡት ካላት ግን እስከ ክርስትናዋ ትያዛት። ከዚያ እናያለን።» የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። ነሐሴ 29 ይሞላል። ከዚያ ያያሉ።

የማጠባበትን ዕቃ የሠራችልኝ ሚልካ ናት። የተቀቀለ የሽሮፕ ጠርሙስ በክር ከአንገቴ ይንጠለጠላል፤ ከማተቤ ጎን፣ በቀሚሴ ውስጥ። ከክዳኑ ከስንደዶ የቀጠነች ቱቦ ትወጣለች፤ ጫፏ ከጡቴ ጫፍ ጋር በፕላስተር ይያያዛል። ልጅቷ ጡቱን ስትስብ የዱቄቱ ወተት በቱቦዋ ይመጣላታል። እሷ የምታውቀው ጡት መጥባቷን ነው። ከላይ ነጠላ። አጥቢ ሴት ከሰው ዓይን መከለሏ የታወቀ ስለሆነ ማንም ገለጥ አድርጊ አይለኝም። ደግነቱ ይህ ነው።

ሐምሌ 6

መናኸሪያ። ዝናብ። ጥሊሊ አንድ መድኃኒት ቤት የዱቄት ወተት ገብቷል ስለተባለ ልሄድ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ልጅቷ ራባት። ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፕላስተሩ በላብ ለቀቀ፤ በነጠላው ሥር በጣቴ ይዤ አጠባኋት። አጠገቤ አንዲት የገጠር እናት ተቀምጠዋል።

«ስንተኛሽ ናት?»

«የመጀመሪያዬ።»

«ታድግልሽ። ስትውጥ እኮ ይሰማል፤ ወተትሽ ጉድ ነው።»

ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል አየር እየሳበ ያጉረመርማል። ያኔም አጉረመረመ።

«ሆድሽ ነው? አጥቢ ሴት በባዶ ሆዷ መንገድ ትወጣለች እንዴ!» ብለው እፍኝ ሙሉ ቆሎ አስጨበጡኝ።

አመስግኜ በላሁ። ሳቄም መጣ። ግን የመጀመሪያዬ ያልኩት ለምንድን ነው? የእህቴ ልጅ ናት ማለት ይቻል ነበር።

ሐምሌ 11

ዛሬ ያደረግኩት ልክ አልነበረም። ልጅቷን ተኝታ ትቻት ፕላስተር ልገዛ ወጣሁ። አስር ደቂቃ። ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን ብቻዋን አትተውም፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ። ትራሷ ሥር ቢላዋ አድርጌያለሁ። በሩንም ቆልፌያለሁ።

ስመለስ የቤቱ ባለቤት እትዬ ውብአየሁ በረንዳቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«ተኛችልሽ?»

«ተኝታ ነው የወጣሁት።»

«የለም፣ አልቅሳ ነበር። ልነሣ ስል ስታባብያት ሰማሁና ተቀመጥኩ።»

«እኔ ኮ አሁን መምጣቴ ነው እትዬ።»

ጥላዬን አዩት። ውሃው ይንጠባጠባል። ጎመናቸውን መቀንጠስ ቀጠሉ።

በሩ እንደተቆለፈ ነበር። ልጅቷ ነቅታለች፤ አታለቅስም። በከንፈሯ ጥግ ነጭ ነገር አለ። ከመውጣቴ በፊት ያጠባኋት ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ነው ያጠባኋት። ጠርጌላት ነበር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ውብአየሁ ከጎረቤታቸው ጋር በአዊኛ ሲያወሩ ሰማሁ። አዊኛ ብዙም አልችልም። ወተት የሚለውን ለየሁ። የእህቴንም ስም።

ሐምሌ 15

ሚልካ ልጅቷን መዘነች። ጥሩ ጨምራለች።

«ለምን ትደብቂያለሽ ፀደይ? ይህ እኮ ነውር አይደለም። ወተት ያነሳቸው እናቶችም ይጠቀሙበታል።»

«እነሱ ወልደዋል።»

«አንቺስ እያሳደግሽ አይደለም? ለአማቷ እውነቱን ንገሪያቸው።»

«ከነገርኳቸው ይወስዷታል።»

ስወጣ «ልጅ ስትስበው ያልወለደች ሴት ጡትም አንዳንዴ ያመጣል» አለችኝ። «ቃል አልገባልሽም።»

ምሽት። የእህቴ ተዝካር አምስት ቀን ቀርቶታል። ዳስ ሙሉ ሰው ፊት ማጥባት አለብኝ። ቱቦዋን ስንት ጊዜ አጠብኳት። ውሃ አሳለፍኩባት፣ አየር ነፋሁባት። ጠርሙሱን ከፍ ሳደርገው ቶሎ ይፈስሳል፣ ዝቅ ሲል ይቆማል፤ ስለዚህ ከብብቴ ከፍ፣ ከአንገቴ ዝቅ። መስታወት ፊት ተቀምጬ ነጠላዬን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ አጣፋሁ። ከውጭ ምንም አይታይም። ከውጭ የሚታየው የምታጠባ ሴት ናት። ብዙ ቆይቼ አየኋት።

ሐምሌ 20

ዳንግላ። የዘውዴ አርባ።

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የከሰል አክሳዮች ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ውጦታል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእርምጃ ነዳ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ ደረስኩ። ሴቶቹ መሀላቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ነጠላዬን ጣል አደረግኩ። ጣቶቼ ለመዱት። ሠላሳ ሰው ያህል ነበር። ሁሉም ሌላ ነገር እያወራ እኔን ያዳምጣል።

ምንይችል ከወንዶቹ ጋር ነበር። ከስቷል። ለአንድ ሽማግሌ ሲናገር ሰማሁት። «በመውለጃዋ ዋዜማ እኮ እኔ ራሴ እንጅባራ ደርሻለሁ፣ ለአራሷ የሚሆን ልገዛ። መንገዱ ደህና ነበር።»

ቀኑን ተሳስቷል።

እማማ በቀለች አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። ቀጭን ናቸው፤ ሲቀመጡ ድምፅ የላቸውም። ልጅቷን በነጠላው ክፍተት አዩአት፤ ከዚያ አንገቴን።

«ሁለት ክር ነው የምታደርጊ?»

«አንዱ ክታብ ነው እማማ።»

«ለማን ይሆን ክታቡ?» አሉ። ለመልስ አልጠበቁም። «ዓይኗ ዓይናር ሞልቷል። ጡትሽን አለብ አድርጊባት።»

እናቶች የሚያደርጉት ነው። የሕፃን ዓይን ሲቆሽሽ የእናት ወተት ይታለብበታል፤ እኔንም እናቴ አድርጋልኛለች። ሴቶቹ ሁሉ ዞር አሉ።

«ቤት ስደርስ።»

«እዚሁ። ሁለት ጠብታ ነው።»

ጎንበስ አልኩባት። ነጠላውን በሁለታችን ላይ አወረድኩ። ሁለት ጠብታ ወረደ። እማማ በቀለች ነጭ መሆኑን በጉንጯ ላይ አዩ። በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

«ኧረ እውነትም ዞሯል» አለች አንዷ፤ በሹክሹክታ።

እማማ በቀለች ግን አልተደሰቱም። ጣታቸውን እያዩ ቆዩ።

ሐምሌ 23

ግራ ዓይኗ አብጧል። አይከፈትም።

«ምን ነካው?» አለች ሚልካ።

«ምንም።»

«ፀደይ።»

ነገርኳት። ጠብታዎቹ ከቱቦዋ ነበሩ። ጡቴ ምንም ስለሌለው ጠርሙሱን በብብቴ ጨቁኜ ከጠዋት ጀምሮ የቆየውን የዱቄት ወተት በሕፃን ዓይን ውስጥ አፈሰስኩ፤ ሴቶቹ እንዲያምኑኝ። ሚልካ አልተቆጣችም። ዓይኗን በንጹሕ ውሃ አጠበችላት፣ ቅባት ሰጠችኝ። «ያንቺ ቢኖር እንኳ ዓይን ውስጥ አይደረግም» አለች።

ዓይኗ ቢጠፋስ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዘውዴ ብትኖር ሁለት ጠብታ አያቅታትም ነበር።

ሐምሌ 24። እብጠቱ እንዳለ ነው።

ሐምሌ 25። እንዳለ ነው።

ሐምሌ 26

ቀነሰ።

መንገዱ የተዘጋው ከቀብሩ በኋላ ነው የሚሉ አሉ። ሰው ቀን ይረሳል። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ የማርመው የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ነበር፣ ዘውዴ ደግሞ ስትጠራኝ ሁልጊዜ አሁኑኑ

ተዘግቶ ነበር።

ነሐሴ 3

ዓይኗ ድኗል፤ ጠባሳ የለውም። ግን ስትጠባ ወደ እኔ አታይም። በቀኝ ትከሻዬ ላይ አሳልፋ ታያለች። ሕፃን መብራት ያያል ብዬ መብራቱን አጠፋሁ። መስኮት ይሆናል ብዬ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጠሁ። ቦታ ስቀይር ዓይኗም ይቀይራል፤ ትከሻዬን አይለቅም። የምታየው ከራሴ በስንዝር ከፍ ብሎ ነው።

ዘውዴ በስንዝር ትበልጠኝ ነበር።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ለእኔ አይደለም።

ነሐሴ 8

ጠዋት ስልሳ ሞላሁ። ግማሽ ሰዓት ጠባች። ስትውጥ እሰማለሁ። ለቀቀችኝ፣ አገሳች፣ ተኛች።

ስልሳ።

ቱቦዋ ተደፍናለች ብዬ ውሃ አሳለፍኩባት። ያልፋል። ቀን ላይ ደግሜ ሞከርኩ። ሠላሳ ደቂቃ፤ ስልሳ። ልጅቷ ግን ጠግባለች፤ ጨርቋ ረጥቧል፤ ጉንጯ ሞቃት ነው።

ከምን ጠገበች?

ጡቴን ጨምቄ ማየት እችል ነበር። አልነካሁትም።

ነሐሴ 10

ፍልሰታ። ሰው ሁሉ ለቅዳሴ ይሄዳል። እኔም ልጅቷን ታቅፌ ሄድኩ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ግራ፣ ዝናቡ በማያገኘኝ በኩል ቆሜ አስቀደስኩ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አየነው ሲገባ አየኝ።

«አስተማሪ፣ ምነው ውጭ?»

«ሰማንያዬ አልሞላም።»

ሳቅ ሊል ብሎ ተወው። ገባ። ሰው ሁሉ ገባ። እርጥብ ድንጋዩን ተደግፌ አጠባኋት።

ከቤት ከገባሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። እኔማ አልወለድኩም፤ መግባት እችል ነበር።

ነሐሴ 16

ሚልካ በሁለት ጣቷ ጫን አለችው። ነጭ ጠብታ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሳትነካውም።

«መጣልሽ!» አለች። አቀፈችኝ። «ሁለት ወር ሙሉ ልጅቷ ስባ ስባ አመጣችው። የራስሽ ነው።»

«የማን?»

«የራስሽ ነው የምልሽ።»

ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። አሁን ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም፤ ውሸቱ እውነት ሆኗል። ዱቄቱን ለሚልካ መለስኩላት፤ ለሌላ ሰው ይሆናል።

ክሩን ግን እዚያ አላወለቅሁትም። ባዶውን ጠርሙስ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ማታ ሳወልቀው ቀለል ያለኝ አልመሰለኝም፤ አንድ የሚጠብቀኝ ነገር የተነሣ መሰለኝ። መልሼ አደረግሁት።

ነሐሴ 21

ምንይችል ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«እናቴ ክርስትናው ዳንግላ ይሁን ትላለች። በዋዜማው እንመጣለን።»

«ልትወስዷት ነው?»

«እንነጋገራለን ፀደይ።»

«ወተት አለኝ ምንይችል። እውነት አለኝ።»

«እሱን ነው እናቴም የምትፈራው» አለ። ከዚያ ተቆረጠ።

ዝናቡ አላባራ አለ። ሰኔ 10 ስወልዳትም እንዲህ ነበር።

ስትወለድ ማለቴ ነው።

ነሐሴ 25

እትዬ ውብአየሁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ እንደ ድሮው አልገቡም።

«ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወሪ?»

«ከልጄ ጋር።»

«እሷማ ልጅ ናት። የምትመልስልሽን ነው የምጠይቅሽ።»

በስልክ ነው አልኳቸው። ስልኬን አዩት፤ ጠረጴዛው ላይ ተፈታትቶ ነበር፤ ባትሪው ካበጠ ሁለት ቀኑ ነው።

«ከክርስትናዋ በኋላ ቤቱን ለዘመድ ልሰጠው ነው» አሉኝ። በትሕትና ነው ያሉኝ።

ነሐሴ 27

ነገ።

ቀሚስ አጠብኩ። እሷንም አጠብኳት። ነገ ምንም አልደብቅም። ጠርሙሱን አሳያቸዋለሁ፣ ቱቦዋን አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ ወተቱን አሳያቸዋለሁ። ያጠባሁ እኔ ነኝ፤ የወለድኳትም

እንቅልፍ ቢመጣ።

ነሐሴ 28

አራት ሰዓት ላይ መጡ። አሁን አምስት ተኩል ነው። በእትዬ ውብአየሁ ሳሎን ናቸው፤ ከኮሪደሩ ማዶ። «እዚህ ቆዪ፣ እንመካከር» ብለው ልጅቷን ይዘው ሄዱ። እጄ ሥራ እንዲያገኝ እጽፋለሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ክሩን ከአንገቴ አውልቄ ጠርሙሱን ከነቱቦዋ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ስለ ዳሱ፣ ስለ ዓይኗም ተናዘዝኩ። እማማ በቀለች ቱቦዋን በሁለት ጣት አንሥተው አዩአት፣ አስቀመጡአት።

«አሁንስ?»

መዳፌ ላይ አለብኩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ይህ የዱቄት አይደለም።»

«አይደለም እማማ። የራሴ ነው። ልጅ ስትስበው ይመጣል፣ ነርሷም ታውቃለች፣ ትጠየቅ።»

«አንቺ ወልደሻል ልጄ?»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ምንይችል ቀና ብሎ ሲያየኝ አስታውሳለሁ።

እማማ በቀለች አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ውሸታም ሆነሽ ባገኝሽ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «ከነጠርሙስሽ አቅፌ እስምሽ ነበር። አርባዋን አውጥተን፣ ፍትሐቷ ደርሶላት፣ ዘውድነሽ አሁንም ደጃፌ ላይ ትቆማለች። ደረቴ ከበደኝ ትለኛለች። ወተቷ እዚህ እየፈሰሰ ወዴት ትሂድ? አላሳርፍ ያልሻት አንቺ ነሽ። ልጅቷን እንውሰድ፣ ጡቱ ይድረቅ። ሲደርቅ ታርፋለች።»

«የኔ ነው እማማ።»

«የማንም ይሁን። ይድረቅ።»

«እናቴ፣ ትንሽ እናስብበት» አለ ምንይችል። ድምፁ ደከም ያለ ነው። ለዚያ ነው ሊመካከሩ የሄዱት። ተስፋ አለኝ። ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «በመውለጃዋ ዋዜማ ዘውዴ ደውላልሽ ነበር አይደል?» አለኝ። ደውላ ነበር አልኩት። ሌላ አልጠየቀም።

ልጄ አለቀሰች።

የረሃብ ልቅሶ ነው፤ እለየዋለሁ። ጡቴ ሰማ። ቀሚሴ በሁለቱም በኩል ረጠበ፣ እስከ ወገቤ ወረደ፤ ደብተሩን ከጉልበቴ አነሣሁት። ያምጡልኝ። እያጠባኋት ይመካከሩ።

አሁንም ታለቅሳለች።

ዝም አለች።

ደክሟት አይደለም። ሲደክማት እየተንሰቀሰቀች ነው የምታቆመው። ይህ እንደዚያ አይደለም፤ አፏ ሲሞላ ነው እንዲህ በአንድ ጊዜ የምትቆርጠው። የኔም መፍሰሱን ተወ።

ተነሥቼ በመስኮቱ አየሁ። ምንይችል ግቢው በር ላይ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ቆሟል። እማማ በቀለች አጠገቡ ናቸው፤ ጥላ ይዘዋል፣ በሌላው እጃቸው ምርኩዛቸውን። እትዬ ውብአየሁ ከእነሱ ጋር ናቸው። ሦስቱም ወደ ቤቱ እያዩ ነው።

ልጅቷን የያዘ የለም።

ለማን ሰጥተዋት ወጡ?

ከኮሪደሩ ማዶ ስትውጥ ይሰማኛል። ልሄድ ነው። መጀመሪያ

የሳሎኑ በር ከውስጥ ተዘጋ።